ተረጋግጧል

«ዝም በሉና ይህችን ስሙ» አሉ ቲቸር ሩቢዬላ፤ ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙት። ከጣሪያው ማራገቢያ ሲጥሲጥታ በቀር ክፍሉ ውስጥ ድምፅ ጠፋ። «በወንዙ ማዶ ከሚገኙ ጉድጓዶች የተቀዳው ውሃ ከብክለት ነፃ መሆኑ ተረጋግጧል።»

አንብበው ሲጨርሱ ጥሩ ነገር እንደቀመሰ ሰው አጣጣሙት።

አርሌት ጆሮዋ ሲግል ተሰማት። ዓረፍተ ነገሩን የጻፈችው እሷ ናት። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ግን «ንጹሕ መሆኑን አየን» ብላ ነበር። ቲቸር «አየን» የሚለውን በቀይ ከበው፣ ከጎኑ «እናንተ እነማን ናችሁ?» ብለው መለሱላት። በቋንቋቸው በስፓኒሽ ከግሱ ፊት «ሴ» የምትል አንዲት ትንሽ ቃል ስትገባ አድራጊው ይሰወራል፤ የተደረገው ነገር ብቻውን ቆሞ ይቀራል። አርሌት መዝገበ ቃላት ስታገላብጥ ቆይታ «ሴ ኮንስታቶ» ብላ አስተካከለችው። ተረጋግጧል። መልሳ ስታነበው የዩኒቨርሲቲ ሰው የጻፈው መሰላት። እናቷ የስፌት መኪናዋን አቁማ እንድታዳምጣትም አድርጋ ነበር።

«አያችሁ?» አሉ ቲቸር። «‹እኔ እንዲህ አደረግሁ፣ እኛ እንዲያ አደረግን› የለም። ጸሐፊው ገለል ብሎ ነገሩ ራሱ እንዲናገር ይተወዋል። አስረኛ ክፍል ሆኖ እንዲህ የሚጽፍ ተማሪ ካየሁ ቆየሁ።»

ከኋላ አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ የዛሬው የቤት ሥራም አልተሠራም። ማን እንዳልሠራው ግን አልታወቀም» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ቲቸርም ሳያስቡት ፈገግ አሉ።

አርሌት አብራት እንድትስቅ የውሃውን ጥናት በጋራ ወደሠራችው ጓደኛዋ ወደ ዳያኒስ ዞረች። ዳያኒስ አልሳቀችም። አንገቷን ደፍታ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሯ ትልጣለች። ቲቸር ጥናቱ ትምህርት ቤቱን ወክሎ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ሞንቴሪያ ለሚደረገው የሳይንስ አውደ ርዕይ መመረጡን ሲናገሩና ሁለቱ ልጆች ተነሥተው እንዲጨበጨብላቸው ሲያደርጉ እንኳ፣ ዳያኒስ የቆመችው እንደ ተቀጣ ተማሪ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው የሲኑ ወንዝ በዝናቡ ወራት ሞልቶ የሰዉን ጓሮ ካጥለቀለቀ በኋላ ነው። በከተማዋ የቧንቧ ውሃ ሁሉም ጋ አይደርስም፤ በወዲህኛው ዳር ያሉት የቆላው ሰፈር ሰዎችም ሆኑ በወዲያኛው ዳር ያሉት የካምፓኖ ሰዎች የሚጠጡት ከጓሯቸው ጉድጓድ ነው። ልጆቹ ሥራውን ተካፈሉት። ወዲህኛው ለአርሌት፣ ማዶው ለዳያኒስ። ጤና ጣቢያው ውስጣቸው ዱቄት ያለባቸው ትንንሽ ጠርሙሶች ሰጣቸው። ውሃ ሞልቶ ሞቅ ያለ ቦታ ሁለት ቀን ማቆየት ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽ የገባበት ከሆነ ውሃው ይጠቁራል፤ ካልሆነ እንዳለ ይቀራል።

አርሌት ካመጣቻቸው ብዙዎቹ እንደ ቀለም ጠቆሩ። የዳያኒስ ግን አንዱም አልጠቆረም። ቆላው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎርፉ ገባበት፣ ካምፓኖ ከፍ ስለሚል ተረፈ፤ እንዲያ ሲባል ለጆሮ የሚጥም ነበር። አንድ ነገር ብቻ አርሌትን ቆርቁሯት ነበር። የጉድጓድ ውሃ ምንም ቢሆን ጥቂት አፈር አያጣም። የዳያኒስ ጠርሙሶች ግን እንደ መስተዋት ነበሩ። አየች፣ ጠረጠረች፤ ማስረከቢያው ስለደረሰ አለፈችው።

የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ሲወጡ በወንዙ ዳር በገበያው መንገድ ሄዱ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዓሣ ሻጮቹ ሸራቸውን ዘርግተው ከሥሩ ያንቀላፋሉ። አርሌት በቀይ ሽሮፕ የራሰ የተፈጨ በረዶ ለሁለት ገዛችና አንዱን ሰጠቻት።

«ሰው አሸነፍሽ ሲባል ይኮሳተራል እንዴ? አቦ፣ ምን ሆነሻል?»

ዳያኒስ በረዶውን ሳትቀምሰው ይዛው ቆመች። ከላስቲክ ኩባያው ቀይ ውሃ በጣቶቿ መሀል ወረደ።

«አልተሻገርኩም።»

«የት?»

«ካምፓኖ። ጠርሙሶቹን የሞላኋቸው ከቤታችን ቧንቧ ነው።»

አርሌት ቀልድ መስሏት ሳቀች። ዳያኒስ እንዳልሳቀች ስታይ የእሷም ሳቅ አፏ ላይ ቀረ።

የዳያኒስ አባት ሪጎቤርቶ ከቤት ከወጣ ዓመት አልፎታል። ሩቅ አገር አልሄደም። ወንዙን ተሻግሮ ካምፓኖ ከሌላ ሴት ጋር መኖር ጀመረ፤ ያ ነው። ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ ዳያኒስ ፊት ግን የሚያነሣው ሰው የለም። አርሌትም አንሥታው አታውቅም። ናሙና ልትቀዳ የወጣች ዕለት ዳያኒስ ጠርሙሶቹን በቦርሳ ይዛ፣ በሽቦ ገመድ እየተጎተተች ሰው ወደምታሻግረው ጠፍጣፋ ጀልባ ወርዳ ነበር። አንድ እግሯን ካነሣች በኋላ ማዶ ዛፍ ሥር የአባቷን ሞተር ብስክሌት አየችው። መቀመጫው ላይ የተሰፋው ሰማያዊ ጨርቅ የእናቷ የእጅ ሥራ ስለሆነ አትስተውም። እግሯን መለሰች።

«ቤት ለቤት እየዞርኩ በር ላንኳኳ?» አለች። «አንዱን በር እሱ ቢከፍትልኝስ?»

«ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እሄድልሽ ነበር።»

«እሱን ብነግርሽ ለምን እንደማልሄድም መንገር ሊኖርብኝ ነዋ።»

ዳያኒስ ያልቀመሰችውን በረዶ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ውሃው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። አታካብጂው» አለች። «ደግሞ ‹ተረጋግጧል› ብለሽ ጽፈሻል። ማን አረጋገጠው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ‹እናቴ ትሙት፣ ለማንም አልናገርም› በይልኝ።»

ጓደኛዋ እንዲህ ስትለምናት አርሌት አይታ አታውቅም። «እናቴ ትሙት» አለች።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ነገሩን ከራሷ ጋር ስታስማማው ቆየች። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ማንም አልተጎዳም። ሞንቴሪያ ሄደው ይመለሳሉ፤ ወረቀቱም ቢሮ ውስጥ አቧራ ይጠጣል። እንዲያ እያለች በምትጽናናበት መሀል አንድ ቀን ምሳ ላይ እናቷ በደስታ አንድ ወሬ ነገረቻት። ልብስ ልታሰፋ የመጣች የካምፓኖ ሴት፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ውጤቱን ለሰፈሩ ኮሚቴ እንደነገሩ፣ ኮሚቴውም በትልቁ ጽፎ አዳራሹ ግድግዳ ላይ እንደለጠፈው አውርታላታለች። የጻፈችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ መሆኗንም ሰዉ ያውቃል።

«ድሮ ውሃ ሲያፈሉ ጋዛቸው ነበር የሚያልቀው» አለች እናቷ፤ የኮኮናት ሩዙን እየጨመረችላት። «አሁን እድሜ ላንቺ፣ እንዲሁ እየቀዱ ይጠጣሉ። ብዪ እንጂ።»

አርሌት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ጀልባው ወረደች። ቦርሳዋ ውስጥ የተረፈች አንዲት ጠርሙስ ነበረች። ንጹሕ ሆኖ ካገኘችው ጉዳዩ ይዘጋል ብላ ነው። ጀልባዋ ቀስ ብላ ተጎተተች፤ አንድ ሰው ከነዶሮዎቹ፣ ሁለት ሴቶች ከነእቃቸው፣ እሷም። ማንም ምንም አላላትም። ግን ሁሉም የሚያዩዋት መሰላት።

ካምፓኖ የገባችበት የመጀመሪያው ደጃፍ የእትዬ ዲዮሴሊና ነበር። ሴትዮዋ በራቸው ላይ ተወዛዋዥ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ካሳቫ ይልጣሉ። ሁለት የልጅ ልጆቻቸው በላስቲክ ሳህን ውስጥ ውሃ ይረጫጫሉ። አርሌት ለአውደ ርዕዩ ጉድጓዱን አንድ ጊዜ ማየት እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ብድግ አሉ።

«አንቺ ነሽ እንዴ የልብስ ሰፊዋ ልጅ? ነይ ግቢ የኔ እመቤት። በዚህ ፀሐይ ይመጣል?»

ሳትቀመጥ ብርጭቆ ይዘው መጡ። ውሃው ከሸክላ እንስራ የተቀዳ ነውና ብርጭቆው አላበው። አርሌት በሁለት እጇ ተቀበለችው። እትዬ ዲዮሴሊና ፊቷን እያዩ ይጠብቃሉ። ልጆቹም ጨዋታቸውን አቁመው ያያሉ።

አሁን ልናገር አለች በልቧ። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ምን ብላ ትጀምር? ካፏ የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል የዳያኒስ ስም ነው፤ ከሱ ቀጥሎ የሪጎቤርቶ፤ ከሱ ቀጥሎ ያቺ ሴት። ቤቱ ደግሞ ከዚሁ ሁለት መንገድ ቢርቅ ነው። የእትዬ ዲዮሴሊና ዓይን አልተነቀለባትም።

ጠጣችው። ቀዝቃዛ ነበር፣ ጥቂት ጣፈጥ የሚል። እስከ ታች ጨለጠችው።

«ይባርክሽ» አሉ እትዬ ዲዮሴሊና። «የማርያም ውሃ በይው። ልጆቹ ሲጠጡ ልቤ ይፈራ ነበር፤ አሁን ዐረፍኩ።»

አርሌት ጠርሙሷን ከባልዲው ሞልታ አመስግና ወጣች። በመመለሻዋ ጀልባ ላይ የቡናማውን ወንዝ ውሃ ስታይ ቆየች። ዝናብ የሌለበት፣ ንፋስ የሌለበት፣ ፀጥ ያለ ከሰዓት ነበር፤ እሷ ግን ክዳኑ የተገጠመበት ድስት ውስጥ ያለች መሰላት።

ጠርሙሷን ከማቀዝቀዣው ጀርባ፣ ሞተሩ በሚሞቅበት ቦታ ደበቀቻት። በነጋታው ስታያት ምንም አልሆነችም። ልቧ ሊያርፍ ቃጣው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጫማዋን ስታደርግ ጎንበስ ብላ አየቻት። ጠርሙሷ ጥቁር ነበረች። ደፍርሳ ወይ ግራጫ ሆና አልነበረም፤ ጥቁር ነበረች።

እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ምንም አላመማትም። ያን ጊዜ ያሰበችው ስለ ራሷ ሆድ ሳይሆን ስለ እትዬ ዲዮሴሊና የልጅ ልጆች ነበር።

ቲቸር ሩቢዬላን ያገኘቻቸው የመምህራኑ ክፍል ውስጥ ነው። ስለ አውቶቡሱ በስልክ ይነጋገራሉ። ጠረጴዛቸው ላይ የትምህርት ቤቱ ዓርማ የታተመባቸው አዳዲስ ቲሸርቶች ተደራርበዋል። ቲቸር ክፉ ሰው አይደሉም። ለዓመታት ተማሪ ይዘው ሞንቴሪያ ለመሄድ ሲመኙ ኖረዋል፤ ይህንንም ማንም ያውቃል። ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው ያበራ ነበር።

«ቲቸር፣ ከውጤቱ አንዱ ቢሳሳት ምን ይደረጋል?»

«ስህተት የሌለበት ጥናት የት አለ?» አሉ ቲሸርቱን ለልኳ ትከሻዋ ላይ እየዘረጉ። «ለሱ ነው ‹የጥናቱ ውስንነት› የሚባል ክፍል ያለው። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ አምጪልኝና አስገባዋለሁ። ግን በሥርዓቱ፣ እንደምታውቂበት።»

አርሌት ጥቁሯ ጠርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ እያለች «እሺ» ብላ ወጣች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ቤተ መጻሕፍት ገብታ ጻፈች። «ስህተት ተፈጽሟል።» ሰረዘችው። «ናሙናዎቹ በታሰበው መንገድ አልተሰበሰቡም።» ሰረዘችው። «ውሃውን አፍልቶ መጠጣት ይመከራል።» ይህኛው ደህና መሰላትና መልሳ አነበበችው። ማን ነው የመከረው? ለምንስ? እትዬ ዲዮሴሊና ይህን ቢያነቡ ምን ይገባቸዋል? ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ልስን ግድግዳ ይመስሉ ነበር፤ በር የላቸውም፣ ውስጣቸውም ሰው የለም። ሰው ይግባበት ካለች ደግሞ የሚገባው አንድ ስም ብቻ ነው፤ እሱን ላለመጥራት በእናቷ ምላለች። ወረቀቱን ጨምድዳ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ዳያኒስን በማግስቱ ከትምህርት ቤቱ ውሃ ታንከር ጀርባ አገኘቻት። ምንም ሳትል ጠርሙሷን አወጣችና ያዘችላት።

ዳያኒስ ዐየቻት። «ቆላ ነው?»

«ካምፓኖ።»

«ሄድሽ?»

«ሄድኩ። ከዚያው ጉድጓድ ጠጥቼ ነው የመጣሁት። ሲሰጡኝ እንቢ ማለት አቃተኝ።»

ዳያኒስ ዓይኗን ከጠርሙሷ ላይ አነሣች። ደረጃው ላይ ያሉት ልጆች ኳስ እየተቀባበሉ ይጯጯሃሉ።

«ልትናገሪ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ሕፃናት ይጠጡታል ዳያ።»

«ስሜን ልትጠሪ ነው?»

«አልጠራም።»

«ሳትጠሪኝ እንዴት አድርገሽ? ‹የካምፓኖን ማን ነበር የሠራው?› ይሉሻል። ‹ለምን አልሄደችም?› ይላሉ። ከዚያ እናቴ በሄደችበት ሁሉ ባሏ ማዶ ስለሆነ ልጅቷ ወንዝ መሻገር ፈራች ይባልልሻል።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ቶሎ አስተካከለችው። «ምለሽልኝ ነበር። አንቺን ብዬ ነው የነገርኩሽ።»

አርሌት ልትይዛት እጇን ዘረጋች። ዳያኒስ ገለል አለች። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ለሞንቴሪያው የሚለማመዱትን ንግግር እንኳ ተራዋ ሲደርስ ወደ ግድግዳው እያየች ነበር የምትለው። ቲቸር «በጣም ጥሩ፣ ትንሽ ፈገግ በሉበት» አሏቸው።

ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ሰዉ ሁሉ ስለ ነገው ጉዞ ሲያወራ፣ አርሌት አንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጎንበስ ብላ ጻፈች። የጻፈችው አጭር ነው። የፈለገችው ቃል ከጠዋት ጀምሮ አእምሮዋ ውስጥ ሲመላለስ ስለነበር መዝገበ ቃላት አላስፈለጋትም። ተማሪው ወጥቶ ሲያልቅ ወረቀቷንና ጠርሙሷን ቲቸር ሩቢዬላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

ቲቸር በልማድ ቀይ እስክሪብቷቸውን አንሥተው አነበቡ።

«የማዶውን ውሃ ሳላረጋግጥ ተረጋግጧል ብዬ የጻፍኩት እኔ አርሌት ነኝ። ጠርሙሶቹን ሳይ ጠርጥሬ ነበር፤ ዝም አልኩ። በኋላ ራሴ ካምፓኖ ሄጄ ያመጣሁት ውሃ ጠቁሯል።»

የእስክሪብቶው ጫፍ «እኔ» የሚለው ላይ ደርሶ ቆመ። ቲቸር ጠርሙሷን በሁለት ጣት አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሯት። ብርሃን አላሳለፈችም።

«የማዶው ሥራ የሌላዋ አልነበረም?» አሉ።

«እኔ የጻፍኩት እኔ ያደረግሁትን ብቻ ነው፣ ቲቸር።»

ቲቸር ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። ቲሸርቶቹ አጠገባቸው ነበሩ፤ የላይኛውን እጅጌ ሳያስተውሉት ያጥፉት ይዘረጉት ጀመር።

«ለመላው ክፍል ጮክ ብዬ አነበብኩት እኮ» አሉ፣ ለእሷ ይሁን ለራሳቸው ሳይታወቅ። «ማን ለካው ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም። ቋንቋው ሲያምርብኝ ጊዜ።»

ከዚያ በኋላ የነገሩዋት ነገር ሁሉ አርሌት የጠበቀችው ነበር። ለዳይሬክተሩ ዛሬውኑ ይነግሯቸዋል። ጉዞው ይቀራል። ውጤቷ ይነካል፤ ሰኞ ወላጅ መጥራት የማይቀር ነው። ዳይሬክተሩም ለካምፓኖ ኮሚቴ ሰኞ ያስታውቃሉ።

«ሰኞ?» አለች አርሌት።

«ቅዳሜና እሑድ ማን ይገኛል ልጄ?»

ወረቀቷን ግን አልመለሱላትም። ቀይ ቀለምም አልነኩባትም።

ቤት ገብታ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ አልጮኸችም። የስፌት መኪናዋን ክር አወጣች፣ መልሳ አስገባች፣ አወጣች። የካምፓኖዋ ደንበኛዋ ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ተሰፍቶ ነበር። «ምን ብዬ ነው አሁን ዓይኗን የማየው?» አለችና ቀሚሱን አጥፋ አስቀመጠችው። አርሌትን ያ ከስድብ ይልቅ ከበዳት።

ቅዳሜ ጠዋት፣ አውቶቡሱ ይነሣል ተብሎ በነበረበት ሰዓት አርሌት ወንዙ ዳር ነበረች። በእጇ ጥቅልል ካርቶንና ወፍራም ማርከር ይዛለች። አዳራሹ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ራሷ ልታወርደው ነው፤ ከዚያ ቤት ለቤት። ከእትዬ ዲዮሴሊና ትጀምራለች። ምን እንደሚሏት አታውቅም። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀብላ እንደጨለጠችው ማስታወሳቸው አይቀርም። ጀልባዋ ገና ከማዶ እየመጣች ነበር።

ከኋላዋ የጫማ ድምፅ ሰማች። ዳያኒስ ነበረች፤ የቤት ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ሳታበጥር። ቲቸር ትናንት ምሽቱን ደውለው ጉዞው እንደቀረ ነግረዋታል። ለምን እንደቀረ አልጠየቀችም፤ እሳቸውም ስለ እሷ ምንም አልጠየቋትም።

ጎን ለጎን ቆሙ። ዛሬ ማዶ ከዛፉ ሥር የቆመ ሞተር ብስክሌት የለም። ጀልባዋ ዳሩን ነካች፤ ሰዎች ወረዱ። አርሌት ጀልባዋ ላይ ወጣችና ዞራ አየቻት። ዳያኒስ እግሯን አላነሣችም።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አረንጓዴ በር አለ» አለች ዳያኒስ፤ ወንዙን እንጂ እሷን አላየችም። «መጀመሪያ እሱን አንኳኪ።»

«እዚያ ማን አለ?»

«ትንሽ ልጅ አለ። የአባቴ ልጅ። እግር ገና መትከሉ ነው አሉ።»

ጀልበኛው ገመዱን ፈታ። በዳሩና በጀልባዋ መሀል አንድ ክንድ የሚያህል ውሃ ተከፈተ።

«ስሙ ማነው?» አለች አርሌት።

«አላውቅም» አለች ዳያኒስ። ድምፅዋ ውሃውን እንዲሻገር ከፍ አድርጋ ጨመረች። «ጠይቀሽ ትነግሪኛለሽ።»